የሠራተኛን የሥራ አፈጻጸም ከሐምሌ እስከ ሰኔ መመዘን፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ የክፍል ኃላፊዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የምርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ሰኔ 28 ቀን ከሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ቢሮው 34 ባዶ የምዘና ቅጽ አስታቅፎኝ በማግስቱ ጠዋት ሞልቼ እንድመልስ አዘዘኝ። ዓመቱን ሙሉ ስለ አንዱም ሠራተኛ የጻፍኩት ነገር ስላልነበረ፣ የእያንዳንዱን ፊት በዓይነ ኅሊናዬ እያመጣሁ ከ85 እስከ 92 ነጥብ ስሰጥ አመሸሁ። ከወራት በኋላ ከእነዚሁ መካከል አንዱ ሠራተኛ ችሎታው ለሥራው አይበቃም ተብሎ ሲሰናበት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እሱም እኔው ራሴ የፈረምኩበትን 88 ነጥብ አውጥቶ አቀረበ። ድርጅቱ ተረታ፤ መረታትም ነበረበት።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንደ እኔ በአንድ ምሽት ቅጽ ለሚሞሉ የክፍል ኃላፊዎች፣ ፎርማኖችና የአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ነው። በውስጡ የተዘረዘሩት እርምጃዎች በግል ድርጅት ውስጥ ለሚሠሩ የታሰቡ ናቸው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሕግና የምዘና መመሪያ የተለየ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ያለ አንባቢ የራሱን መመሪያ መከተል ይኖርበታል።

ምዘናው ለምን ሕጋዊ ክብደት እንዳለው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 28 ላይ፣ ሠራተኛው የተመደበበትን ሥራ የመሥራት ችሎታው ቀንሶ መገኘቱ በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር፣ የችሎታው መቀነስ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት ይላል። «በየጊዜው» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ሠራተኛውን ለማሰናበት ከተወሰነ በኋላ የተሞላ አንድ ቅጽ በየጊዜው የተደረገ ምዘና ሊባል አይችልም። እንዲሁም አንቀጽ 29 ድርጅቱ ሠራተኛ ለመቀነስ በሚገደድበት ጊዜ፣ የተሻለ ችሎታና የምርት ውጤት ያላቸው ሠራተኞች በሥራቸው ላይ ለመቆየት ቅድሚያ እንዲያገኙ ያዝዛል። ይህም ማለት በሰላሙ ጊዜ በግዴለሽነት የተሰጠ ነጥብ በክፉ ቀን የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ሊወስን ይችላል ማለት ነው።

ስለ ስያሜውም አንድ ነገር ልበል። በብዙ መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ «ግምገማ» ይሉታል፤ ይህ ቃል በአገራችን ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ሂስና ግለ ሂስ የሚያወርድበትን ስብሰባ ያስታውሳልና ሠራተኛው ገና ስሙን ሲሰማ አንገቱን ይቀብራል። ስለዚህ በቅጹም በንግግርም «ምዘና» ማለቱን እመርጣለሁ። ምዘናው በመዛኙና በተመዛኙ መካከል በሩን ዘግቶ የሚካሄድ እንጂ ለአደባባይ የሚቀርብ አይደለም።

አንደኛ እርምጃ፦ በሐምሌ የሚጠበቀውን በጽሑፍ መስጠት

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር፣ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ መለኪያዎችን ይጻፉ። ከአምስት በላይ ሲሆን መዛኙም ተመዛኙም ይረሱታል። መለኪያው ሊታይ፣ ሊቆጠር ወይም ቢያንስ ሁለት ሰዎች አይተው ሊስማሙበት የሚችል መሆን አለበት። «ታታሪነት»፣ «ለሥራ ያለው ፍቅር»፣ «ታማኝነት» የሚሉት ያረጁ ቅጾቻችንን የሞሉ ቃላት ያማሩ ናቸው፤ ግን ሁለት ኃላፊዎች ለአንድ ሰው ታታሪነት አንዱ 5 ሌላው 2 ቢሰጡ ማን እንደተሳሳተ የሚለይበት መንገድ የለም።

የመጋዘን ሠራተኛን ለምሳሌ እንውሰድ። ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ለመጣጣሙ 40፣ የተጠየቀውን ዕቃ በሰዓቱ ወጪ ለማድረግ 30፣ ለገቢና ወጪ ሰነድ አያያዝ 20፣ ለመጋዘኑ አደረጃጀት 10 ክብደት ቢሰጥ ድምሩ 100 ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛው ሰው የሚዘለው ሥራ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ በቃላት መግለጽ ያስፈልጋል። በቆጠራው ረገድ 5 ማለት በወሩ መጨረሻ ምንም ልዩነት አልታየም ማለት ሊሆን ይችላል፤ 3 ማለት በጥቂት የዕቃ ዓይነቶች ላይ ልዩነት ታይቶ በሁለት ቀን ውስጥ ምክንያቱ ከነሰነዱ ተገኝቷል፤ 1 ማለት ደግሞ ልዩነቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደሚቀጥለው ወር ተሻግሯል ማለት ነው። ይህ ከተጻፈ ወዲያ ነጥብ መስጠት የስሜት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

መለኪያው ተጽፎ ሲያልቅ ለሠራተኛው አንድ ቅጂ ይሰጠዋል፤ ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ባለበት ይነበብለታል። በሐምሌ ያልተነገረውን መለኪያ በሰኔ ማምጣት አይቻልም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ለሥራው የሚስማማውን ዘዴ መምረጥ

ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ ቅጽ መመዘን ጋቢንም ብረትንም በአንድ ሚዛን እንደ መስፈር ነው። በስፌት መስመር ወይም በማሽን ላይ ለተመደበ ሰው ዋናው መለኪያ የምርት ብዛትና ጥራት ነው። በደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል እንግዳ ለሚቀበል ሠራተኛ ግን ብዛት ብዙ አይነግረንምና፣ ከላይ ለመጋዘኑ እንዳደረግነው እያንዳንዱን ነጥብ በሚታይ ድርጊት የሚገልጸው መለኪያ ይሻለዋል። ለቢሮ ባለሙያ፣ ለሽያጭና ለፋይናንስ ሰው ደግሞ በዓላማ መምራት የሚባለው መንገድ ይስማማል። በዚህ መንገድ፣ ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስተዋወቀው፣ ኃላፊውና ሠራተኛው የሚደረስበትን ውጤትና ቀኑን አስቀድመው ተስማምተው በመጨረሻ መድረስ አለመድረሱን ያያሉ።

ብዙዎቻችን በመሥሪያ ቤት ያወቅነው «ውጤት ተኮር» ሥርዓት መሠረቱ ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ ነው። አራት እይታዎች አሉት፤ እነሱም ፋይናንስ፣ ተገልጋይ፣ የውስጥ አሠራር እንዲሁም መማማርና ዕድገት ናቸው። ሥርዓቱ የታሰበው በመጀመሪያ ለድርጅት እንጂ ለግለሰብ ስላልነበረ፣ 12 ሠራተኛ ያለው የእንጨትና ብረታ ብረት ቤት አራቱንም እይታ ለእያንዳንዱ በያጅ ዘርግቶ ቢጨነቅ ወረቀት ከማባከን አያልፍም ባይ ነኝ።

ሠራተኞችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተርታ ማስቀመጥን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይመከርም። ስድስት ጎበዝ ሰዎች ባሉበት ክፍል ስድስተኛው ሰነፍ ተብሎ ይመዘገባል፤ ስድስት ሰነፎች ባሉበት ደግሞ አንዱ ጀግና ይሆናል። የበታች ሠራተኞችን፣ የሥራ ባልደረቦችንና የደንበኞችን አስተያየት የሚሰበስበው የዙሪያ ምዘና ለኃላፊዎች ይጠቅማል፤ ግን ሁሉም ሰው የሁሉንም ዘመድ አዝማድ በሚያውቅበት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ስም ሳይጻፍ የተሰጠ አስተያየት በእጅ ጽሑፉ ብቻ ስለሚለይ፣ ለነጥብ ሳይሆን ለምክር ብቻ ቢውል ይሻላል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የክስተት ማስታወሻ መያዝ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ እርምጃ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ጆን ፍላናጋን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ጋር ከሠራው ሥራ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመው የወሳኝ ክስተቶች ዘዴ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ስለ ሰውየው ጠባይ ከመጻፍ ይልቅ ሰውየው በዚያ ቀን ምን እንዳደረገና ምን እንዳስከተለ ይመዘገባል።

አንድ ተራ ደብተር ይግዙ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አራት ገጽ ይክፈሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ሥራ ከማብቃቱ በፊት፣ ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው የሳምንቱን ይጻፉ። አጻጻፉ ይህን ይመስላል፦

«ኅዳር 6፦ የቀለም መርጫው ከመደፈኑ በፊት ድምፁን ሰምቶ አቆመው፤ ማሽኑ 15 ደቂቃ ብቻ ቆመ።»

«ኅዳር 14፦ 40 ጥቅል ያለ መለያ ካርድ አሳለፈ፤ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ሲለይ ዋለ።»

«ግድየለሽ ነው» ወይም «ደህና ልጅ ነው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ቀኑ፣ ድርጊቱና ያስከተለው ነገር ብቻ ይበቃል። በጎውም ክፉውም መጻፍ አለበት፤ ጥፋት ብቻ የሚሰበሰብበት ደብተር የክስ መዝገብ ይሆናል፤ ሠራተኛውም ይህን ቶሎ ይደርስበታል። ደብተሩንም መደበቅ አያስፈልግም። እኔ የራሴን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ ማስቀመጥ ከጀመርኩ በኋላ አንዳንዶቹ ራሳቸው መጥተው «የዛሬውን ጽፈኸዋል?» ይሉኝ ነበር።

ለአዲስ ተቀጣሪዎች ይህ ደብተር ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሆኖ ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፤ በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ድርጅት ይህ አሥር ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ በ20ኛው፣ በ40ኛውና በ55ኛው የሥራ ቀን አጫጭር ምዘናዎችን ያድርጉ። በ61ኛው ቀን «ለካ አይሆንም ነበር» ማለት ዋጋ የለውም።

አራተኛ እርምጃ፦ የሠራተኛውን ጥፋት ከሌላው መለየት

ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት በማስታወሻው ላይ ከሰፈረው ውስጥ ሠራተኛው ሊቆጣጠረው የማይችለውን መለየት ያስፈልጋል። በስሌት እንየው። አንዲት የስፌት ሠራተኛ በ8 ሰዓት ፈረቃ፣ ማለትም በ480 ደቂቃ ውስጥ፣ 240 እጅጌ ገጠመች እንበል፤ ለአንዱ እጅጌ የተመደበው መደበኛ ጊዜ አንድ ደቂቃ ከግማሽ ነው። 240 በ1.5 ሲባዛ 360 ደቂቃ ይሆናል፤ ለ480 ሲካፈል ቅልጥፍናዋ 75 በመቶ ነው፤ ደካማ ትባላለች። ነገር ግን በዚያ ቀን መብራት ለ90 ደቂቃ ጠፍቶ ከነበረ የሠራችው በ390 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ 360 ለ390 ሲካፈል ወደ 92 በመቶ ይደርሳል። ያው ሴት፣ ያው ቀን፣ ያው እጅጌ። መብራት የጠፋበትን፣ ክር የዘገየበትንና ማሽን የቆመበትን ደቂቃ በየፈረቃው የማይመዘግብ ክፍል በብዛት ሊመዝን አይገባውም።

በአካባቢያችንም እንዲሁ የሚታወቁ ነገሮች አሉ። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በክረምት ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲወድቅበት ይዘገያል፤ በዚያ ቀን የሰርቪሱ ተሳፋሪዎች በሙሉ ዘግይተው ከሆነ መዘግየቱ የመንገዱ ነው፤ ሌሎቹ ደርሰው እሱ ብቻ ቀርቶ ከሆነ ግን የራሱ ነው። ሰኞ ዕለት ወደ ሚሌ ጭኖ የሚወጣ ሹፌር ባቲ ላይ ገበያው መንገዱን ሲሞላው የሚያጠፋው ሰዓት ከማክሰኞ ጉዞው ጋር አይወዳደርም። በመስከረም 21 ለግሸን ማርያም ፈቃድ ጠይቆ የሄደም ሆነ በአረፋ ፈቃድ የወሰደ ሠራተኛ ቀሪ ተብሎ ነጥብ አይቀነስበትም፤ ፈቃዱ ከተሰጠ ተሰጥቷል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ነጥብ መስጠት

ነጥብ የሚሰጠው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በታኅሣሥና በሰኔ መጨረሻ ነው። ደብተሩን ከፊት አስቀምጠው በአንድ መለኪያ ሁሉንም ሠራተኞች ይመዝኑ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው መለኪያ ይለፉ። አንዱን ሰው ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ወደ ሌላው መሄድ የተለመደው አካሄድ ነው፤ ችግሩ በአንዱ መለኪያ ያገኘው ነጥብ የቀረውን ይጎትተዋል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ምዘና ሲያጠና ያየው ይህንኑ ነበር፤ በቁመናው የተወደደው ወታደር በአእምሮውም በአመራሩም ተወዶ ተገኘ።

የመጋዘን ሠራተኛችን ለአራቱ መለኪያዎች በቅደም ተከተል 4፣ 3፣ 5 እና 4 አገኘ እንበል። እያንዳንዱን ለ5 አካፍለን በክብደቱ ስናባዛ 32፣ 18፣ 20 እና 8 ይመጣል፤ ድምሩ 78 ነው። ከድምሩ ይልቅ 18 የምትለዋ ቁጥር ትበልጣለች፤ ከ30 ውስጥ 18 ማለት ዕቃ ወጪ ማድረጉ ላይ እየዘገየ ነው፤ ለምን እንደሚዘገይ ነው መጠየቅ ያለበት።

ከስሕተቶች ሁሉ በእኛ ዘንድ የከፋው ይሉኝታ ነው። ልቅሶ አብሮት የተቀመጠን፣ ዕድር የሚካፈልን፣ ልጁን ክርስትና ያነሣለትን ሰው 60 ብሎ ማየት ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሁሉም 85 ይሆናል፤ ሲሠራ የዋለውም ራሱን ከተኛው ጋር እኩል አግኝቶ ወገቡን ይፈታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከ4 በላይ ወይም ከ3 በታች ለሚሰጥ ማንኛውም ነጥብ ከደብተሩ ቢያንስ ሁለት ቀን ተጠቅሶ ይጻፍ። ማስረጃ ሲጠየቅ ይሉኝታም ቂምም አብረው ይቀንሳሉ። የቅርብ ዘመድን ደግሞ መመዘን አይገባም፤ ለሌላ ኃላፊ ይሰጥ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ሠራተኛውን ማነጋገር

ቀኑን ከሦስት ቀን በፊት ይንገሩት። በጁምዓ ሰዓት፣ በምሳ ሰዓትና በፈረቃ መለዋወጫ ላይ አይሁን። የማሽን ድምፅ ባለበት አዳራሽም፣ ሰው በሚገባ በሚወጣበት ሻይ ቤትም አይደረግም። ወደ ውጤቱ ከመግባትዎ በፊት ሠራተኛው ራሱ በሚያምንበት ነጥብ ቅጹን እንዲሞላ ያድርጉ፤ ሁለታችሁ የተለያያችሁበት መለኪያ ላይ ብቻ መነጋገር ጊዜም ይቆጥባል።

ወጣት የክፍል ኃላፊ የሆነች ባልደረባዬ በዕድሜ አባቷ የሚሆኑ ኦፕሬተርን ስታነጋግር አጠገባቸው ነበርኩ። «ጋሼ፣ በጥርና በየካቲት ስድስት ጊዜ ዘይቱ ሳይታይ ማሽኑ ተነሥቷል፤ ቀኖቹ እነዚህ ናቸው። ምን ሆኖ ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ትንሽ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ የዘይቱ ቁምሳጥን ቁልፍ የሌሊቱ ፈረቃ ይዞት ይወጣል፤ ሰብሬ ልክፈተው?» አሉ። ደብተሩን ስናየው ስድስቱም ቀን አንድ ሰው ሌሊት የገባባቸው ሆነው ተገኙ። ነጥባቸው በዚያው ተስተካከለ፤ ሁለተኛ ቁልፍም ተቀረጸ። እሷ «ግድየለሽ ሆነዋል» ብላ ጀምራ ቢሆን ኖሮ የቁልፉ ነገር አይነሣም ነበር።

«አብሽር፣ ይስተካከላል» የሚለው የወሎ ማጽናኛ መልካም ነው፤ ሆኖም ምን፣ በማን፣ እስከ መቼ እንደሚስተካከል ሳይጻፍ ከተነገረ ውይይቱን ይዘጋዋል። ነጥቡ ዝቅ ያለ ሠራተኛ በሁለት ወይም በሦስት ወር የሚታይ የማሻሻያ ዕቅድ ይዞ መውጣት አለበት፤ ሥልጠና ካስፈለገውም ማን እንደሚያሠለጥነውና መቼ እንደሚጀምር በዕቅዱ ላይ ይስፈር። አዋጁ ራሱ የተዘጋጀለትን ሥልጠና አልቀበልም ያለን ወይም ሠልጥኖም አስፈላጊውን ችሎታ ማግኘት ያልቻለን ሠራተኛ ለይቶ ስለሚጠቅስ፣ ሥልጠናው መሰጠቱ በጽሑፍ መገኘቱ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ፊርማ፣ ቅሬታና ፋይል

ቅጹ ላይ «አይቼዋለሁ» እና «እስማማለሁ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ የፊርማ ቦታዎች ያዘጋጁ፤ ብዙ ሰው አልፈርምም የሚለው ሁለቱ አንድ ስለሚመስሉት ነው። እንዲያም ሆኖ ካልፈረመ ሁለት ምስክሮች በተገኙበት እንዳልፈረመ ተጽፎ ቅጂው ይሰጠዋል። ቅሬታ ያለው ሰው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ቅሬታውን የሚያየው ከመዛኙ ሌላ የሆነ ሰው ይሁን። የኅብረት ስምምነት ባለበት ድርጅት ጊዜውም አካሄዱም በስምምነቱ የተጻፈው ነው።

ቅጹ ከነማሻሻያ ዕቅዱና ከቅሬታው ጋር በሠራተኛው የግል ፋይል ይታሠራል። ደብተሩ ግን ከክፍል ኃላፊው ጋር ይቆያል፤ ኃላፊው ሲዛወርም ለተተኪው በርክክብ ይሰጣል፤ ምክንያቱም በሐምሌ የመጣ አዲስ ኃላፊ ያለፈውን ዓመት የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው። የደመወዝ ጭማሪና ቦነስ ውሳኔ ከምዘና ውይይቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይነገር፤ በአንድ ቀን ከተነገሩ ሠራተኛው የሚሰማው ብሩን ብቻ ነው።